«የጨዋ ልጅ» በቅርጫት ኳስ ሜዳ

ጨዋታው ሊያበቃ የቀሩት ጥቂት ሰኮንዶች ናቸው። ሰሌዳው 102 ለ85 ይላል። የሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ልጆች ዋንጫው የእነሱ መሆኑን ካወቁ ቆይተዋል። ኤንጀል ሪስ የምትባለው ቁመተ ረጅም ተጫዋች ወደ አዮዋ ዩኒቨርሲቲዋ ኮከብ ወደ ኬትሊን ክላርክ ጠጋ ትልና መዳፏን ዘርግታ በገዛ ፊቷ ፊት ወዲያና ወዲህ ታወዛውዛለች። ከትግል ትርዒት የተወሰደ ምልክት ነው፤ «አታይኝም» ማለት ነው። ይህም አልበቃትም። ክላርክ መንገዷን ስትቀጥል እየተከተለች የቀለበት ጣቷን ታሳያለች። አሜሪካኖች ለሻምፒዮን ቡድን አባላት ቀለበት ይሸልማሉና ትርጉሙ አስተርጓሚ አያሻውም። ክላርክ አልመለሰችላትም። በኋላ ስትጠየቅም ነገሩን ልብ እንዳላለችው ተናገረች።

ይህ የሆነው ኤፕሪል 2 ቀን 2023 በዳላስ ከተማ፣ በአሜሪካ የኮሌጅ ሴቶች ቅርጫት ኳስ የፍጻሜ ጨዋታ ላይ ነው (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። እዚያው አሜሪካ ውስጥ 10 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው በቴሌቪዥን አይቶታል። በሴቶቹ የፍጻሜ ጨዋታ 102 ነጥብ ያስቆጠረ ቡድን ከዚያ በፊት አልነበረም። በማግስቱ ግን ስለ 102ቱ ነጥብ የሚያወራው ጥቂት ሆነ፤ ወሬው ሁሉ ስለ አንዲት መዳፍ ነበር። ስማቸው የታወቀ የስፖርት ጋዜጠኞች ሳይቀሩ ልጅቱን በአደባባይ ሰደቧት። «ስፖርታዊ ጨዋነት የጎደላት» የሚለው ከስድቦቹ ሁሉ ለስላሳው ነበር።

የዚያች ልጅ ጠበቃ ለመሆን አልተነሳሁም። እንዲያውም ድርጊቷን አልወደድኩላትም። ያሸነፈ ሰው ደስታውን ይጨፍር እንጂ የተሸነፈውን ተከትሎ ምን ያደርጋል? እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ያንን ጨዋታና ከእሱ ወዲህ የመጡትን ጥቂት ጨዋታዎች ከተቀረጹበት ፊልም ደጋግሜ ሳይ፣ «ስፖርታዊ ጨዋነት» የምንለው ነገር ሴት ልጅ ሜዳ ላይ ስትሆን አንድ ሳይሆን ሁለት ነገር ሆኖ አገኘሁት። ሁለቱ በአንድ ስም ስለሚጠሩም ክርን የሰነዘረችው ስትረሳ መዳፍ ያወዛወዘችው ትኮነናለች።

ስሙን እኛው ቋንቋ ውስጥ እንየው። «ጨዋ» ረጅም ታሪክ ያለው ቃል ነው። በመካከለኛው ዘመን የንጉሡ ሠራዊት ጨዋ ይባል ነበር፤ ጦር ነቅናቂው፣ ድንበር ጠባቂው ማለት ነው። በኋላ «የጨዋ ልጅ» ከባርነት ነጻ የሆነ፣ ትውልዱ የሚቆጠርለት ሰው መጠሪያ ሆነ። ቤተ ክህነት ደግሞ ያልተማረውን ምእመን ጨዋ ይለዋል። ዛሬ ወንድን «ጨዋ ነው» ስንል የሰው ገንዘብ የማይነካ፣ ጠጥቶ የማይሳደብ፣ ቃሉን የሚጠብቅ ማለታችን ነው። ሴትን «ጨዋ ናት» ስንል ግን ብዙ ጊዜ የምናወራው ስለ ዓይኗና ስለ ድምፅዋ ነው፤ ዓይኗ መሬት፣ ድምፅዋ ጉሮሮዋ ውስጥ። እንግዲህ ይህ ቃል «ስፖርታዊ» የምትል ቅጽል ተቀጥላለት ሜዳ ሲገባ የትኛውን ትርጉሙን ይዞ እንደሚገባ የሚጠይቀው የለም። ባላጋራሽን አትጉጂ ነው የሚላት? ወይስ ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ?

አሜሪካኖች የእኛ ቃል የላቸውም፤ ችግሩ ግን አላቸው። እንዲያውም የችግሩ ዕድሜና የጨዋታው ዕድሜ እኩል ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ጄምስ ኔይስሚዝ ቅርጫት ኳስን በማሳቹሴትስ ግዛት በስፕሪንግፊልድ የፈጠረው በዲሴምበር 1891 ነው። ጥቂት ሳምንታት እንዳለፉ እዚያው አቅራቢያ ባለው ስሚዝ ኮሌጅ የሰውነት ማጎልመሻ መምህርት የነበረችው ሴንዳ ቤረንሰን ጨዋታውን ለሴት ተማሪዎቿ አስተዋወቀች። ቤረንሰን ከሊቱዌኒያ የመጣች፣ በልጅነቷ ጤና የጎደላት፣ ሴት ልጅ ሰውነቷን ማጠንከር አለባት ብላ ከልብ የምታምን ሴት ነበረች። የዘመኑ ሐኪሞችና ወላጆች ሴት ብትሮጥ ትታመማለች በሚሉበት ጊዜ ኳስ ሰጥታ አስሮጠቻቸው። ለዚህ ምስጋና ይገባታል።

ዳሩ ግን ሻካራነትን ፈራች። ልጃገረዶቹ ሲጋፉና ሲናጠቁ ብታይ ጊዜ ሕጉን ለወጠችው። ሜዳውን ሦስት ቦታ ከፈለችና እያንዳንዷ ተጫዋች ከክፍሏ እንዳትወጣ ከለከለች። ኳስ ከሌላዋ እጅ መንጠቅ ክልክል። ከሦስት ጊዜ በላይ ማንጠር ክልክል። ከሦስት ሰኮንድ በላይ ይዞ መቆየት ክልክል። በማርች 1893 የመጀመሪያውና የሁለተኛው ዓመት ተማሪዎች ሲጋጠሙ ወንድ ተመልካች ከአዳራሹ እንዳይገባ ተደረገ፤ ሴት ልጅ ስትሯሯጥ ወንድ ማየት የለበትምና። እንደሚነገረው ገና የመጀመሪያው ኳስ ወደ ላይ ሲወረወር የአንደኛው ቡድን አለቃ ትከሻዋ ወለቀ። ጨዋታው ቀጠለ። ሻካራነትን ለማስቀረት የወጣ ሕግ የመጀመሪያ ደቂቃው በወለቀ ትከሻ መከፈቱ ለእኔ ሁልጊዜ ፈገግ የሚያሰኝ ነገር ነው።

የቤረንሰን ሕግ ሁለት ዓላማ ነበረው። አንደኛው ልጆቹ እንዳይጎዱ ነው፤ ይህን የሚቃወም የለም። ሁለተኛው ልጆቹ እንደ ወንድ እንዳይመስሉ ነው። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ተለያይተው አያውቁም። የኮሌጅ ሴቶች እንደ ወንዶቹ አምስት ለአምስት ሆነው ሜዳውን ሙሉ እንዲሮጡ የተፈቀደላቸው በ1971 ነው። የኬትሊን ክላርክ የትውልድ ግዛት አዮዋ ደግሞ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቹ እስከ 1993 ድረስ ሴቶችን ስድስት ለስድስት ያጫውት ነበር፤ ሦስቱ የሚያጠቁ፣ ሦስቱ የሚከላከሉ፣ የመሐሉን መስመር የምታልፍ የለችም። የምትከላከለው ልጅ ትምህርቷን እስክትጨርስ አንድም ኳስ ወደ ቅርጫት ሳትወረውር ልትወጣ ትችላለች። ክላርክ የተወለደችው በ2002 ነው። ከመሐል መስመሩ አጠገብ ሆና ኳስ እየወረወረች በማስገባት ዓለምን ያስደነቀችው ልጅና ያንን መስመር መርገጥ የተከለከሉት ሴቶች መካከል ያለው ርቀት ዘጠኝ ዓመት ብቻ ነው።

ይህን ታሪክ ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ዛሬ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጦ «እነዚህ ሴቶች ምን ነካቸው?» የሚለው ተመልካች የሚናገረው በራሱ አፍ ይመስለዋል። ያ የ1893ቱ አዳራሽ በር ግን ገና ሙሉ በሙሉ አልተከፈተም።

አሁን ወደ ሜዳው እንመለስ። የቅርጫት ኳስ ኃይል ያለው ከቅርጫቱ ሥር ነው። ኳሱ ከቀለበቱ ነጥሮ ከመመለሱ በፊት ሁለት ረጃጅም ሴቶች ጀርባና ደረት ገጥመው ቦታ ይሻማሉ። ዳሌ ይገፋል። ክርን የጎን አጥንት ይፈልጋል። ጣት የማሊያ ጫፍ ይይዝና ዳኛው ዞር ሲል ይጎትታል፣ ሲመለስ ይለቃል። አንዷ ቆማ የጓደኛዋን ተከታታይ ትጋርዳለች፤ ተከታታይዋ ሳታይ መጥታ እንደ ግድግዳ ትላተማታለች። ከዚህ የሚበዛው በሕጉ የተፈቀደ ነው፤ ቀሪውን ዳኛው አይቶ እንዳላየ ያልፈዋል፤ ሁሉን ቢነፋ ጨዋታው እኩለ ሌሊት ያልፋልና። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ከሁሉ የማይታየው ነው። ዘላ ኳስ የወረወረች ልጅ በምታርፍበት ቦታ ላይ እግርን መተው። ይህ ቁርጭምጭሚት የሚያጣምም፣ የጨዋታ ዘመንን የሚያቋርጥ ነገር ነው። አየር ላይ ያለ ሰው ራሱን ሊከላከል አይችልም። እንደኔ ስለ ስፖርታዊ ጨዋነት መጻፍ የሚሻ ሰው ከዚህ ቢጀምር ይሻለው ነበር። ካሜራው ግን ኳሱን ነው የሚከተለው። ኳሱ ሲቆም ደግሞ ፊት ይፈልጋል፤ የተቆጣ ፊት፣ የሚያለቅስ ፊት፣ የሚሳለቅ ፊት። አርባ ደቂቃ ሙሉ የተጋፉበት ጨዋታ በማግስቱ የአምስት ሰኮንድ ቁራጭ ሆኖ ይቀርብልናል፤ እኛም በአምስቱ ሰኮንድ እንፈርዳለን።

የሕጉን መጽሐፍ ይዞ ለሚመለከት ሰው የዳላሱ ጨዋታ አንድ የሚያስገርም ነገር አለው። ዳኞቹ በሪስ ምልክት ላይ ፊሽካ አልነፉም። ከሁለቱ መካከል በዚያ ምሽት «ቴክኒካል ፋውል» የተቆጠረባት ክላርክ ናት። በሦስተኛው ሩብ ማብቂያ ገደማ ፊሽካ ከተነፋ በኋላ ኳሱን ለዳኛው ማቀበል ሲገባት ወደ ኋላዋ ጣለችው፤ ቡድኗ ጨዋታ በማዘግየት ቀደም ብሎ ተጠንቅቆ ስለነበር ቅጣት ተጻፈባት፤ አራተኛ ጥፋቷም ሆነ። በአምስተኛው ከሜዳ ይወጣል። በበኩሌ ቅጣቱ የከረረ ነበር እላለሁ፤ ብዙዎችም በዳኞቹ ላይ ተቆጥተዋል። ነገር ግን ክላርክን «ባለጌ» ያላት አልነበረም፤ መባልም አልነበረባትም። ያንኑ የመዳፍ ምልክት ራሷ ክላርክ ሳምንት ቀደም ብሎ ከልዊቪል ዩኒቨርሲቲ ጋር ስትጫወትና 41 ነጥብ ስታስቆጥር አሳይታው ነበር። ያኔ «የመንፈስ ጥንካሬ» ተባለላት። የእሷ ወደ ባላጋራ ያነጣጠረ አልነበረም የሚሉ አሉ፤ ልዩነቱ እውነት ሊሆን ይችላል። ግን ያን ያህል ሰፊ ነው? ምልክቱን ያስለመደው ጆን ሲና ራሱ ክላርክን አሞግሷታል።

ሕግ ያልጣሰ ጥፋት አንድ ክፉ ጠባይ አለው፤ ቅጣቱ ማለቂያ የለውም። በሕግ የሚቀጣ ጥፋት ልክ አለው። በማርች 2010 የቤይለር ዩኒቨርሲቲዋ ብሪትኒ ግራይነር የቴክሳስ ቴክ ተጫዋችን በቡጢ መትታ አፍንጫዋን ሰበረች። ይህ ጥፋት ስለመሆኑ ክርክር የለም። ሕጉ አንድ ጨዋታ አገዳት፤ አሠልጣኟ ኪም መልኪ ደግሞ በራሷ ፈቃድ ሌላ አንድ ጨዋታ ጨመረችባት። ግራይነር ተቀጣች፣ ተመለሰች፣ ተጫወተች። የሪስ መዳፍ ግን ማንንም አልሰበረም፤ ማንም ዳኛም «ቅጣቱ ይህን ያህል ነው» አላለም። ስለዚህ ቀጠለ። ዓመት ቆይቶ፣ ኤፕሪል 1 ቀን 2024 ቡድኗ በአዮዋ ተሸንፎ ሲሰናበት፣ ጋዜጠኞች ፊት ተቀምጣ ከዚያ ዕለት ወዲህ የግድያ ዛቻ ሲደርስባት መክረሙን እንባ እየተናነቃት ተናገረች።

ለነገሩ እኛ የዚህ ነገር እንግዶች አይደለንም። በገና ጨዋታ ጌታና ሎሌ ሲጋፉ መቆጣት ነውር እንደነበረ፣ ያሸነፈው ወገንም የተሸነፈውን መንደር በግጥም ሲያብጠለጥል እንደሚያመሽ ከአባቶቻችን ሰምተናል። ስድቡ የጨዋታው ክፍል ነው። የሚነወረው በማግስቱ ቂም ይዞ የተገኘ ነው። ልብ እንበል ግን፤ የገና ሜዳ የወንዶች ነበር። ዱላ ይዛ የገባች፣ አሸንፋም የተሳለቀች ልጅ ብትኖር ምን ትባል እንደነበር መገመት አይከብድም።

ይህን ስል ምልክት ሁሉ ከንቱ ነው፣ ማንንም አይጎዳም ማለቴ አይደለም። እዚህ ላይ የራሴን ክርክር የሚፈትን አንድ ነገር አለ፤ ባልፈው እውነቱን አጎድላለሁ። ከዳላሱ ፍጻሜ ሁለት ቀን አስቀድሞ አዮዋ ከደቡብ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ጋር ተጋጥሞ ነበር። ክላርክ የደቡብ ካሮላይናዋን ሬቨን ጆንሰንን መከላከል ሲገባት ርቃ ቆመችና እጇን ወዲያ አወናጨፈች፤ «ተያት፣ ብትወረውርም አታገባም» እንደማለት። እንደ ስልት ትክክል ነበር። ከሩቅ የማታገባን ልጅ ትተው ቅርጫቱን መጠበቅ የአሠልጣኞች ሁሉ ምክር ነው። እንደ ስድብ ግን ከሪስ መዳፍ የበለጠ የሚያቆስል ነበር። የሪስ መዳፍ «አሸንፌሻለሁ» ይላል፤ የክላርክ እጅ «አንቺ አትቆጠሪም» ይላል። ያቺ ቁራጭ ፊልም ከስልክ ስልክ ስትዞር ጆንሰን ኳስ መጫወቱን እስከ መተው አስባ እንደነበር ኋላ ተናግራለች። በዚያ ሰሞን ግን ስለ ክላርክ ጨዋነት የጻፈ ሰው አላየሁም። ስድቡ ጨዋታው ውስጥ ስለተሸሸገ ብልሃት መሰለን። ክላርክን ለመክሰስ አይደለም ይህን ማለቴ፤ ምልክት ይጎዳል ካልን የሁሉም ምልክት ይጎዳል ለማለት ነው። ደግሞ ከሁሉ በላይ ሚዛናዊ ሆና የተገኘችው ራሷ ክላርክ ናት። ፍጻሜው ባለፈ በሁለተኛው ቀን በቴሌቪዥን ቀርባ ሪስ በፍጹም መተቸት እንደሌለባት ተናገረች። ሃያ አንድ ዓመቷ ነበር። ከእሷ ስም ሥር ተሰልፈው ሪስን ሲሰድቡ ከነበሩት ጎልማሶች ይልቅ ጨዋታው የገባት እሷን ነበር።

ስለ ቀለም ሳላነሳ ብዘልቅ ደስ ባለኝ፤ ግን አይቻልም። ሪስ ጥቁር ናት፤ ክላርክ ነጭ ናት። ሪስ ዋንጫውን በወሰደችበት ምሽት ዓመቱን ሙሉ በማንነቷ ስትተች መክረሟን፣ ሌላ ሰው ያንኑ ሲያደርግ ግን ምንም እንደማይባል፣ ይህም ድል እሷን ለሚመስሉ ልጃገረዶች መሆኑን ተናግራለች። ለእኔ ከዚያ ይልቅ ብዙ የገለጠልኝ በዚያው ሰሞን የተነገረ አንድ አባባል ነው። የአዮዋዋ አሠልጣኝ ሊሳ ብሉደር ከደቡብ ካሮላይና ጋር ከመጋጠማቸው በፊት ስትጠየቅ፣ ከእነዚያ ልጆች ጋር ነጥሮ ለሚመለስ ኳስ መሻማት የመጠጥ ቤት ጠብ ውስጥ እንደመግባት ነው ብሎ የነገራት ሰው እንዳለ አነሳች። ክፋት አልነበረባትም፤ ለሙገሳ ነው ያለችው። አዮዋ 77 ለ73 አሸነፈ፤ ደቡብ ካሮላይና ከ42 ተከታታይ ድል በኋላ ተሸነፈ። ያን ጊዜ የደቡብ ካሮላይና አሠልጣኝ ዶውን ስቴይሊ ጋዜጠኞች ፊት ተቀምጣ ልጆቿ የመጠጥ ቤት ተደባዳቢዎች እንዳልሆኑ፣ ወሮበሎች እንዳልሆኑ፣ ዝንጀሮዎች እንዳልሆኑ፣ የጎዳና ተደባዳቢዎች እንዳልሆኑ ቃል በቃል ዘርዝራ ተናገረች። ተሸንፋ የወጣች አሠልጣኝ ስለ ጨዋታው ሳይሆን ልጆቿ ሰው ስለመሆናቸው መናገር ሲኖርባት ነገሩ ከቅርጫት ኳስ አልፏል። አንድ ዓይነት ዳሌ፣ አንድ ዓይነት ክርን ነው። በአንዷ ላይ «ጠንካራ» ይባላል፣ በሌላዋ ላይ «ጠበኛ»። ቅጽሉን የሚመርጠው ዓይን ነው።

ቀዳማዊት እመቤት ጂል ባይደን ከፍጻሜው ማግስት ያሉትም የዚሁ ዘመድ ነው። አሸናፊው ቡድን ወደ ዋይት ሐውስ መጋበዙ የቆየ ልማድ ነው። እሳቸው ግን ተሸናፊው አዮዋም አብሮ ቢመጣ መልካም ነው አሉ፤ ጥሩ ተጫውተዋልና። በኋላ ቃል አቀባያቸው ነገሩን ለማስተካከል ሞከሩ። ሉዊዚያና ስቴት በሜይ 2023 ብቻውን ሄደ። እመቤቲቱ ደግ ነገር የተናገሩ መስሏቸው ነበር፤ እኔም አልጠራጠርም።

አሁን ደግሞ እውነተኛውን ጥፋት እንይ፤ ለጥቁር ልጆች ስከራከር ግፊያን የማልፍ እንዳይመስል። ማርች 10 ቀን 2024፣ ግሪንቪል። ደቡብ ካሮላይናና ሉዊዚያና ስቴት ለአካባቢያቸው ሊግ ዋንጫ ይጫወታሉ። ሁለት ደቂቃ ያህል ሲቀር የሉዊዚያናዋ ፍላውጄይ ጆንሰን ኳስ የነጠቀቻትን ልጅ ሆን ብላ ይዛ አስቀረቻት፤ ከሌላዋም ጋር በትከሻ ተጋጨች። በዚህ መሐል ካሚላ ካርዶሶ ከሩቅ ገሥግሣ መጥታ ጆንሰንን በሁለት እጇ ገፍታ ወለሉ ላይ ዘረረቻት። ካርዶሶ 2 ሜትር ከ1 ሳንቲም ናት፤ ጆንሰን 1 ሜትር ከ78። ከሁለቱም ወገን ተቀያሪዎች ሜዳ ገቡ። ስድስት ተጫዋቾች ተባረሩ።

ይህ ጥፋት ነው። ስለ ቀለምም ስለ ፆታም የሚያከራክር የለውም፤ ሰው ያላየውን ግፊያ ሊከላከል አይችልም። የሁለቱን አሠልጣኞች ምላሽ ጎን ለጎን ማየት ግን ይጠቅማል። ስቴይሊ ዋንጫዋን ከማንሳቷ በፊት፣ ገና ሜዳው ላይ ሳለች፣ ለቅርጫት ኳስ ወዳጆች ሁሉ ይቅርታ ጠየቀች። ሰበብ አላቀረበችም። ኪም መልኪ፣ በ2010 በገዛ ተጫዋቿ ላይ ቅጣት የጨመረችው ያቺው መልኪ፣ አሁን ሉዊዚያና ስቴትን ታሠለጥናለች፤ እንዲህ ያለ አስቀያሚ ነገር ማየት የሚሻ እንደሌለ ከተናገረች በኋላ ካርዶሶ ያቺን ትንሽ ልጅ ከምትገፋ እኩያዋን ሪስን ብትገፋ ይሻል እንደነበር አከለችበት። ሴትየዋ ምላሷ ስለታም መሆኑ የታወቀ ነው፤ ሳቅ ይመጣል። ግን ምን ማለት ነው? ጥፋቱ መግፋቱ አይደለም፣ የሚዛን ልዩነቱ ነው ማለት ነው? አሥራ አራት ዓመት አስቀድማ በተግባር የመለሰችውን ጥያቄ በቀልድ አበላሸችው።

የዚያን ዕለት ወደ ሜዳ ዘልሎ የገባ ተመልካችም ነበር፤ የጆንሰን ወንድም ነው። የመዝጋቢዎቹን ጠረጴዛ ተሻግሮ ገባና ፖሊስ ያዘው። ቤረንሰን በ1893 ወንዶችን ከአዳራሹ ያስወጣችበትን ምክንያት አልጋራም፤ ያቺን ቅጽበት በፊልም ሳያት ግን በሩ ላይ ዘበኛ ማቆሟ ለሌላ ምክንያት ሊጠቅም እንደሚችል ሳላስብ አልቀረሁም።

ካርዶሶም ይቅርታ ጠየቀች። ሕጉ አንድ ጨዋታ አገዳት። ቅጣቱ ልክ ነበረው ብያለሁ፤ ዋጋ ነበረው ወይ ለሚለው ግን እርግጠኛ ሆኜ አልናገርም። የቀረችበት ጨዋታ የብሔራዊው ውድድር የመጀመሪያ ዙር ነበርና ቡድኗ ያለ እሷ 91 ለ39 አሸንፏል። ካርዶሶ ተመልሳ ኤፕሪል 7 ቀን 2024 በክሊቭላንድ በተደረገው ፍጻሜ 17 ኳስ ከቀለበቱ ሥር ለቀመች፤ ደቡብ ካሮላይናም አዮዋን 87 ለ75 አሸንፎ ዓመቱን ያለ አንድ ሽንፈት ጨረሰ። በዚያ ፍጻሜ የመጀመሪያው አጋማሽ ሊያበቃ ሰኮንዶች ሲቀሩት ክላርክ እጅ ላይ ያለውን ኳስ የነጠቀች፣ ሮጣም ያገባች አንዲት ልጅ ነበረች። ሬቨን ጆንሰን ናት። ከዓመት በፊት «አትቆጠሪም» የተባለችው። አግብታ ስትመለስ ክላርክ ላይ እጇን አላወዛወዘችም።

ካሜራው ግን ጠብቆ ነበር። ሁልጊዜም ይጠብቃል። ከዚያ ፍጻሜ ስድስት ቀን አስቀድሞ፣ ሪስ ያለቀሰችበት የአዮዋና የሉዊዚያና ጨዋታ ሲያልቅ፣ ሁለቱ ቡድኖች ተሰልፈው እጅ ሲጨባበጡ ካሜራው ሰልፉን ተከትሎ አንዲት የተጠመመች ከንፈር ይፈልግ ነበር። ክላርክ በዚያ ምሽት 41 ነጥብ አስቆጥራለች፤ ዘጠኙን ኳስ ከሦስት ነጥብ መስመር ውጭ ነው ያገባችው። ኪም መልኪ እጇን ጨበጠቻትና አንድ ነገር አለቻት። ጋዜጠኞቹ በኋላ ምን እንዳለቻት ሲጠይቋት አልደበቀችም። ከኮሌጅ ስለምትለቂ ደስ ብሎኛል ነው ያልኳት አለች፤ እንዳንቺ ያለ አይቼ አላውቅም።